ባዶ ዕቃ አይመለስም

"ለበርበሬ ይሆነኛል!" አለች አመተ ማርያም፣ ክዳን ያላትን ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ከፍ አድርጋ ለሴቶቹ እያሳየች። "አገጣጠሟን እዩልኝማ! ትንፋሽ እንኳ አታስወጣም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለዓይነ ምድር ምርመራ ማዋል ግፍ አይደለም?"

ምንጩ ዳር ጀሪካናቸውን ደርድረው ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። ዕለቱ አስተርዮ ማርያም ነበር፤ ቅዳሴው ወጥቷል፣ እርሻም ወፍጮም የለም። እንዲህ ባለ ቀን ውኃው ቢዘገይ የሚቆጣ አይገኝም፤ ወሬውም ከውኃው ጋር አብሮ ይቀዳል።

"እኔስ ለእየሩስ እመልስላታለሁ" አለች ሌላዋ። "የውሻዬን ሞልቼ!"

"ውሻሽን 'ነፃ ነው' ብላ ትልክልሻለቻ!" አለች አመተ ማርያም። "የቢራራን ልጅ ነፃ ናት ያለች ለውሻ ምን ገዷት?"

ለዚህኛው የሳቀ አልነበረም። አመተ ማርያም ነገሩ ግራ ገብቷት ዘወር ስትል ዓለምዬን አየቻት። የቢራራ ሚስት፣ የሟቿ ልጅ እናት፣ ከምንጩ አፍ ሥር ጎንበስ ብላ ጀሪካኗን እየሞላች ነበር።

"አፌን ይቁረጠው!" አለች አመተ ማርያም ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ። "ዓለምዬ፣ እማምላክን፣ አላየሁሽም።"

"ምንም አይደል" አለች ዓለምዬ። ቀና ስትል ዓይኗ ያረፈው በአመተ ማርያም ልጅ ላይ ነው። የአራት ዓመቷ ምስክር የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ቆማለች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ የወጣ ይመስላል።

"ልጅቷ ደህና ናት?"

"ሌሊቱን ሙሉ ጥርሷን ስታፋጭ ነው የምታድር። ወስፋት ሳይሆን አይቀርም።"

"ታዲያ በርበሬ ከምትሞይበት ለምን አታስመረምሪያትም?"

"በማን? በእየሩስ?" አመተ ማርያም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንቺ ይኸን ትጠይቂኛለሽ? የልጅሽን ዕቃ ከማን ዕቃ ጋር እንዳምታታችው እስካሁን ያወቀ የለም። ሰባት ቤት ዕቃዋን መልሶላታል፤ እኔ ብቻዬን ሞኝ ልሁን? ደግሞ ዛሬ ይለይላታል። ከሰዓት ጤና ኬላው ግቢ ስብሰባ ነው። ቢራራም ይናገራል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

ዓለምዬ ጀሪካኗን በገመድ አዝላ ዳገቱን ያዘች። ክዳኑ ልል ስለነበር ቤቷ እስክትደርስ ውኃው ጀርባዋን አራሰው፤ እሷ ግን አላወቀችውም።

እየሩስ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የዳባት ልጅ ናት፤ ሠልጥና ወደዚህ ከደባርቅ በታች ወዳለው አገር ስትላክ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። በመጣች በዓመቱ ቤት ሁሉ ሽንት ቤት እንዲቆፍር ስላስገደደች "እየሩስ ጉድጓዷ" የሚል ስም አወጡላት። ያኔ ስሙ የፍቅር ነበር። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ "ጉድጓዷ መጣች፣ መጥረጊያ አንሡ" እያሉ ይስቁ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ያው ስም ሲጠራ ሰው ሌላ ጉድጓድ ያስባል፤ የዓለምዬን ልጅ፣ የአበባን።

ዓለምዬ ደጇ ስትደርስ እየሩስ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። የዘመቻ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"እትዬ፣ አያ ቢራራ ቤት አለ?"

"የለም። የማርያም ዝክር ላይ ነው።"

"ሳይመጣ ልመለስ። ሁለት ቃል ብቻ ነው።"

"ደጅ ላይ ሁለት ቃል አለ እንዴ? ግቢ እንጂ።"

እየሩስ ዓመት ሙሉ ይኸን ደፍ አልረገጠችም። ገብታ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዓለምዬ ቆሎ በሰፌድ አቀረበችላት፣ ጠላም ቀዳችላት። ልጅቷ አልነካችውም። ዓይኗ ምሰሶው ላይ ሚስማር አንጠልጥሎት በቀረ አንድ ጥንድ ቀይ የሕፃን ኮንጎ ጫማ ላይ ነበር። ጫማው አፈር አልነካውም።

"ዘንድሮ ምርመራው ውስጥ እናቶችንም ጨምረዋል" አለች በመጨረሻ፤ ከቦርሳዋ አንድ ነጭ ዕቃ አውጥታ ስም ጻፈችበትና ዘረጋችላት። "ይኸ ያንቺ ነው። 'ዓለምዬ ገዱ' ብዬዋለሁ። እትዬ፣ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሰባት ቤት መለሰልኝ፤ የተቀበሉኝም ሞልተው የሚሰጡኝ አይመስለኝም። ካንቺ ቤት ከተቀበልኩ ሌላው አፍሮም ቢሆን ይሰጠኛል ብዬ ነው።"

ዓለምዬ ዕቃዋን ተቀበለች። የተዘረጋ እጅ አትመልስም፤ ይኸ ደግ ጠባይዋ ነው፣ የጎዳትም እሱ ነው።

"ሌላም ነገር ልንገርሽ" አለች እየሩስ። "ያን ቀን የያዝኩት ዘጠኝ ዕቃ ነበር። ወንዙን ስሻገር አዳለጠኝና ቦርሳው ወደቀ። አንዱም አልተከፈተም። የሁለቱ ስም ግን ረጥቦ ነበርና በእስክርቢቶ መልሼ አደመቅሁት። ምናልባት ያኔ ነው። አምታትቼ ይሆናል እትዬ። ሌሊት ሌሊት ዘጠኙን ዕቃ አንድ በአንድ እየቆጠርኩ አድራለሁ። የመጀመሪያዋ የአበባ ነበረች፤ ከሁሉ ቶሎ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬ ይኸን ለሕዝቡ እናገራለሁ። 'እኔ ነኝ ያጠፋሁት' ብዬ እናገርና እንደፈለጉ ያድርጉኝ። አስቀድሜ ግን አንቺን ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

ከመደቡ ወርዳ የዓለምዬን ጉልበት ልትይዝ ጎንበስ ስትል ዓለምዬ ክንዷን ያዘችና አስቆመቻት። ቃሉ ጉሮሮዋ ደርሶ ነበር። አንድ ዓመት የተሸከመችው ቃል ነው።

"እየሩስ…"

"አቤት፣ እትዬ።"

"ቆሎውን ብዪ እንጂ" አለች ዓለምዬ።

እንዲህ በማለቷ ራሷን ጠላች። በዚያው ቅጽበት በሩ ጨለመ። ቢራራ በትሩን ይዞ ቆሟል።

"ይች ሰው እዚህ ምን ትሠራለች?"

"እንግዳ ናት" አለች ዓለምዬ፤ ዕቃዋን ነጠላዋ ሥር ሸሽጋ።

"እንግድነቷን አምና አይተነዋል።" ቢራራ አልጮኸም፤ መጮኽ የሚወድ ሰው አይደለም። ከበሩ ዘወር አለና መንገድ ለቀቀላት። እየሩስ እጅ ነሥታ ወጣች። ያልተነካው ጠላ መደቡ ላይ ቀረ።

አምናም ወሩ ጥር ነበር። ቢራራ በበቅሎ ጭነት የሚተዳደር ሰው ነው፤ ያን ሳምንት የፈረንጅ ጓዝ ጭኖ በቡይት ራስ በኩል ወደ ፓርኩ ገብቶ ነበር። እየሩስ አመሻሽ ላይ መጥታ ዕቃዋን ለአበባ ሰጠቻት። አበባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ከሚታደለው የወስፋት ኪኒን አልፋለች፤ ተማሪ ቤት ከሚሰጠው ደግሞ አልደረሰችም። ምርመራው እንዲህ መሐል ላይ ለቀሩ ሕፃናት ነው ተብሎ ነበር። አበባ ከዕቃዋ ጋር ያለችውን ትንሽ ማንኪያ አይታ የአሻንጉሊት መስሏት ደስ አላት፤ ይዛት ተኛች።

ልጅቷ ሆዷን ካመማት፣ ደጅ ወጥታም ካልቀናት፣ ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። ዓለምዬ የሽንብራ እሸት ነው፣ ቆሎ ነው እያለች ምክንያት ስትሰጠው ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዕቃዋን ይዛ ከቤቱ ጀርባ ወሰደቻት።

"እማ፣ እምቢ አለኝ።"

"ትንሽ ጠብቂ፣ ልጄ።"

"ሆዴ ውስጥ ታስሯል፣ እማ።"

ትጠብቃለች። እናቷም ትጠብቃለች። ውርጩ ሣሩ ላይ ገና አልቀለጠም፤ የሕፃኗ እግር ቀላ። በዚህ መሐል እየሩስ ከአጥሩ ውጭ ተጣራች። "እትዬ! ዕቃዎቹን የሚወስደው መኪና አስፋልቱ ላይ በሦስት ሰዓት ይነሣል! ደረሰልሽ?"

ዓለምዬ እናቷ ያሳደገቻት ባንድ ሕግ ነው፤ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ወንፊት የተዋሰ እፍኝ ዱቄት ጨምሮ ይመልሳል፤ ጎረቤት ወጥ የላከበት ሳሕን ሽሮም ቢሆን፣ ቆሎም ቢሆን፣ አንድ ነገር ይዞ ይመለሳል። ባዶ ዕቃ መመለስ "ቤቴ ባዶ ነው፣ እኔም ንፉግ ነኝ" ማለት ነው። ይኸ ዕቃ ምን የሚገባበት ዕቃ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሞኝ አይደለችም። ግን ያቺ ልጅ በውርጭ በብርድ ዳገት ወጥታ መጥታለች፤ እንዴት "የለም" ትበላት? ደግሞ እንዲህ ብላ አሰበች፦ እኔና ልጄ የምንበላው ካንድ ገበታ፣ የምንጠጣው ካንድ ምንጭ። የእናት ሆድና የልጅ ሆድ ምን ይለያየዋል? አበባን ወደ ቤት አስገባቻትና ዕቃዋን ይዛ ራሷ ከቤቱ ጀርባ ተመለሰች።

"ከሁሉ ቶሎ ያደረስሽልኝ አንቺ ነሽ" አለች እየሩስ ስትቀበላት። ዓለምዬ በዚህ ምስጋና ደስ ብሏት እንደነበር ዛሬም ትዝ ይላታል። እሱን ስታስብ ነው ይበልጥ የምትቃጠለው።

በማግሥቱ ለአበባ ጥቂት ወጣላት፤ ዓለምዬም እፎይ አለች። በሦስተኛው ቀን እየሩስ ከሩቅ እየሮጠች መጣች። "ነፃ ናት እትዬ! ምንም የለባትም!" ዓለምዬ እልል አለች። የልጇ ሳይሆን የራሷ ሆድ ነፃ እንደተባለ ረስታው ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ካንድ ገበታ ነን ብላለችና፣ ነፃነቱንም ለልጇ አካፈለቻት። ከዚያ በኋላ ሆዷን ሲያማት "ወስፋትስ አይደለም፣ ተመርምራለች፤ ምች ነው" ተባለና ጸበል ወሰዷት። ዕቃዋ በተላከች በአምስተኛው ቀን አረንጓዴ አስታወከች። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት አወረዳት፤ ከዚያ በመኪና ሆስፒታል ደረሰች።

ቢራራ ከፓርኩ ሲወርድ መንገድ ላይ ነግረውት በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። ከፈረንጆቹ ባገኘው ገንዘብ የገዛላት ቀይ ጫማ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር። አበባ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ስትገባ ጫማውን አላየችም። አልወጣችም።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ወንበር ስቦ ከፊታቸው ተቀመጠ።

"ወስፋቱ ተጠቅልሎ አንጀቷን ዘግቶታል" አላቸው። "መጀመሪያ ዓይነ ምድር እምቢ ያላት መቼ ነው?"

"ከስምንት ቀን በፊት" አለች ዓለምዬ።

"ያኔ ለጤና ሠራተኛዋ ነግራችኋታል? ይኸን ብቻ ብትሰማ ለሌላ ምርመራ ሳትጠብቅ ወዲያው ትልካት ነበር።"

"ምርመራ ሰጥተናል እኮ ጌታዬ" አለ ቢራራ። "ነፃ ናት ብለውናል።"

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ ያለች ልጅ ነፃ ልትባል አትችልም። የተመረመረው የሌላ ሰው ይሆናል።"

ቢራራ ወደ ሚስቱ ዞረ። "አምታትታዋለች!" አለ። "ያቺ እየሩስ ዕቃውን አምታትታዋለች!"

ዓለምዬ ዝም አለች። አልዋሸችም፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋን ግን ሰው ሁሉ እሺታ አድርጎ ቆጠረው። ለቅሶ ላይ ዝም አለች፣ አርባው ላይ ዝም አለች። ነገሩ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ዝም አለች። በዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቷ ተናዘዘች። መቶ ስግደት አዘዟት፤ ሁለት መቶ ሰገደች። "የእግዚአብሔርን በእግዚአብሔር ስም ፈትቼሻለሁ፣ ልጄ" አሏት ቄሱ። "የዚያችን ልጅ ግን እሷው ካልፈታችሽ እኔ አልደርስበትም።" ከዚያ ወዲህ ወደ እሳቸው ለመቅረብ ፈራች።

ሌት ተቀን የሚመላለስባት የሐኪሙ ቃል ነው። ያን ቀን ጠዋት እየሩስ የምትፈልገው ዕቃው ውስጥ የሚገባ ነገር ነው ብላ አስባ ነበር። ለካ ባዶው ዕቃ ራሱ መልስ ነበር። ባዶውን ሰጥታ "ሦስት ቀን እምቢ ብሏታል" ብትላት ኖሮ ልጇ ዛሬ ሰባት ዓመቷ ይሆን ነበር። አፍራ ሞላችው።

ቢራራ ጋቢውን ለብሶ ለስብሰባው ሊወጣ ሲል ዓለምዬ በሩ ላይ ቆመችበት።

"ምን ትላለህ?" አለችው።

"ያየሁትን ነዋ።"

"ሰው ይሳሳታል እኮ፣ ቢራራ።"

"ይሳሳታል።" እጁን ወደ ቀዩ ጫማ ሰደደና ሳይነካው መለሰው። "እኔ ዛፍ ነኝ? ይሳሳታል። ግን ተሳሳትኩ ማለት ያባት ነው። ከዓመት እስከ ዓመት አንድ ቀን መጥታ 'እኔ ነኝ' ብትለኝ፣ እመቤቴን፣ ይቅር እላት ነበር። እኔን የገደለኝ መሳሳቷ አይደለም፤ አውቃ ዝም ማለቷ ነው።"

ዓለምዬ ከበሩ ዘወር አለችለት። እግሩ ከራቀ በኋላም እዚያው ቆማ ቀረች። ከነጠላዋ ሥር ዕቃዋን አወጣችና ክዳኗን ከፈተች፤ ውስጧ ንጹሕ ነው፣ አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። ለአንድ አፍታ ሌላ መንገድ ታያት። ይኸን ዕቃ ሞልታ ሁሉ እያየ ለእየሩስ መስጠት ትችላለች። ሰዉ "የሟቿ እናት ከሰጠች" ብሎ ይሰጣል፤ እየሩስም ትድናለች፤ እሷም አትጋለጥም። ደግ ነገር ይመስላል። ግን እየሩስ ሌሊት ሌሊት ዘጠኝ ዕቃ ስትቆጥር ትኖራለች። ደግሞ አሁንም ዕቃ መሙላት ነው፤ አሁንም አፍሮ መሙላት።

ክዳኗን መልሳ ገጠመችና ወጣች።

ጤና ኬላው ግቢ ኮሶ ዛፍ አለ። ወንዶቹ ከሥሩ ድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ ፀሐይ ላይ መሬት ተቀምጠዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ገሠሠ ከትምህርት ቤት የመጣ ጠረጴዛ ፊቱ አድርጓል። ጠረጴዛው ላይ ዛሬ የተመለሱት ሰባት ዕቃዎችና የእየሩስ ትልቅ መዝገብ አሉ። እየሩስ ከጠረጴዛው ጎን ብቻዋን ቆማለች።

ዓለምዬ ስትደርስ ቢራራ ተናግሮ ጨርሶ መቀመጡ ነበር። ብዙም አልተናገረም። "ልጄን አትመልሱልኝም" ነበር ያለው፤ "ሌላ ልጅ ግን ከሷ እጅ እንዲወድቅ አልሻም።" ሴቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። አንድ ሽማግሌ "በዚህ ዕቃ ሰው ከምናጣ እንደ ድሮው ኮሷችንን ብንጠጣ ይሻለናል" አሉና ሰዉ አጉረመረመ።

"እሺ፣ እየሩስ" አለ ገሠሠ። "ያንቺን ቃል እንስማ።"

እየሩስ መዝገቡን ጫፍ ይዛ ጀመረች። "ያን ቀን ዘጠኝ ዕቃ ነበር የያዝኩት" አለች። "ወንዙን ስሻገር…"

"ቆይ" አለች ዓለምዬ።

ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሰዉ ዞረ። አመተ ማርያም ምስክርን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር፤ ዓለምዬ ልታልፍ ስትል ልጅቷን ሰብስባ መንገድ ሰጠቻት። ዓለምዬ በሴቶቹ መሐል አልፋ፣ በወንዶቹ ፊት አልፋ፣ ቢራራን ሳታይ አልፋ ጠረጴዛው ዘንድ ደረሰች። ነጭ ዕቃዋን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመለስ በሁለት እጇ ለእየሩስ ሰጠቻት።

እየሩስ ተቀብላ ክዳኑን ከፈተችው። ፊቷ ላይ ማፈርም መደናገርም ታየ።

"እትዬ፣ ባዶ ነው እኮ።"

"ባዶውን ነው የምመልስልሽ" አለች ዓለምዬ። "የእኔን አምና ወስደሽዋል።"

ማንም አልገባውም። ገሠሠ "ምን አልሽ?" ብሎ አንገቱን አሰገገ።

"በአበባ ስም የወሰድሽው የእኔ ነው" አለች ዓለምዬ፤ አሁን ጮክ ብላ፣ እንዲሰማ። "ልጄ ሦስት ቀን እምቢ ብሏት ነበር። ያን ቀንም እምቢ አላት። አንቺ ደጅ ላይ ትጣሪያለሽ፤ ዕቃሽን ባዶውን መመለስ አፈርኩ። የራሴን ሞልቼ ሰጠሁሽ። ካንድ ገበታ ነው የምንበላው፣ አንድ ነው ብዬ። አንቺ አላምታታሽም። ነፃ ያልሽው ሆድ ነፃ ነው፤ የእኔ ነበር።"

አመተ ማርያም እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ከሴቶቹ መሐል አንዷ "ወይኔ ልጄ" ስትል ተሰማ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

ቢራራ ተነሣ። ዓለምዬ አሁን አየችው። ይመታኛል ብላ አልፈራችም፤ ቢመታት ይሻላት ነበር። በትሩን ይዞ፣ የጋቢው አንድ ጫፍ መሬት እየጠረገ፣ ማንንም ሳያይ ከግቢው ወጣ። ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ አልታጠፈም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ልጁ ወዳለችበት ሄደ። ዓለምዬ ልትከተለው አንድ እርምጃ ተራመደችና ቆመች። እዚህ የቀረ ነገር ነበረባት።

እየሩስ ዕቃዋን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ዕንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅ የለውም። የደስታም አይደለም፣ የቁጣም ብቻ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ የተሸከመችውን አውርደውላት ገና እጇን የት እንደምታደርገው ያላወቀች ትመስላለች።

"ስንት ቀን አልሽኝ?" አለች በመጨረሻ።

"ሦስት ቀን።"

"ብትነግሪኝ… ያኔውኑ ጀርባዬ ላይ አዝዬ አወርዳት ነበር፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ አንድ ዓመት ሙሉ?" አለች እየሩስ፤ ይኸኛው ከሆዷ የወጣ ነው። "አንድ ዓመት ሙሉ እኔን እያየሽኝ?"

ዓለምዬ ይቅር በይኝ ልትል ፈልጋ አፏ አልታዘዝ አላት፤ ከዚያ 'ቆሎውን ብዪ' ካለችው በኋላ ይቅርታ መለመን ራሱ ድፍረት መሰላት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ አነሣችና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"የአበባን አውጪልኝ" አለቻት።

እየሩስ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለበጠች፤ ዘንድሮን አልፋ፣ መስከረምን አልፋ፣ የአምናው ጥር ላይ ቆመች። ዓለምዬ ፊደል አትለይም፤ የልጇን ስም ግን ከመቃብሩ ላይ ካለው መስቀል ለይታ ታውቀዋለች። ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ አየችው። ከጎኑ ሌላ አጭር ቃል አለ።

"ይቺ 'ነፃ' የምትለዋ ናት?"

"አዎ።"

"ሰርዢያት።"

እየሩስ እስክርቢቶዋን ይዛ አመነታች። ከኋላ አመተ ማርያም ምስክርን አዝላ ቀረብ ብላ ቆማለች፤ ስለ በርበሬዋ የምትናገር አትመስልም።

"በምትኩ ምን ልበል?" አለች እየሩስ።

"ባዶ ነበር ብለሽ ጻፊ" አለች ዓለምዬ።